የማዳም ልጅ አንገት

ወላይታ ውስጥ ካለችው ከተማችን ከተበላ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ ነው። ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄዱት ሌሎቹ በሌሊት ነው የሚወጡት፤ እኔ ግን ልጄ ሳሮን እስክትተኛ መጠበቅ ነበረብኝ። ገና ዘጠኝ ወሯ ነበር። ነቅታ እያየችኝ እግሬ እንደማይነሳ እናቴ ታውቃለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አጠባኋት። ዓይኗ ተከደነ፣ አፏ ግን አልለቀቀኝም። እናቴ ጎንበስ ብላ ትንሿን ጣቷን በሳሮን ከንፈር ጥግ ቀስ አድርጋ አስገባችና አላቀቀቻት።

«በይ ሂጂ፣ ዞረሽ እንዳታዪ» አለችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ቦይና የምንለውን ጎደሬ በጆንያ ከያዘች ሴት ጎን ተቀምጬ እስከ ሶዶ አለቀስኩ። ሴትየዋ ምንም አልጠየቀችኝም። ከእኛ አገር ስንቱ እንደወጣ ታውቃለች። ባሌም አንዱ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። አለ እንበል ሞተ እንበል ጨነቀን። ስለዚህ የመሄዱ ተራ የእኔ ሆነ።

አዲስ አበባ፣ ሠራተኛ ወደ ዱባይ በሚልከው ኤጀንሲ ቢሮ ውስጥ ፎርም የሚሞላው ሰውዬ ቀና እንኳ ሳይል «ልጅ አለሽ?» አለኝ።

«አለኝ፣ ሴት ልጅ።»

«የለሽም።»

«ኧረ አለኝ! ዘጠኝ ወሯ ነው።»

«እህቴ፣ እዚህ ወረቀት ላይ የለሽም። ልጅ ያላት ትናፍቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ልመለስ ትላለች። ዱባይ ያለው ደንበኛ የሚያለቅስ ሰው አላዘዘም። ሃይማኖት?»

«ፕሮቴስታንት።»

«ጥሩ፣ እንግዲህ ጸልዪ» አለና ማኅተሙን መታ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ለምን እንደሳቅኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ጡቴን በነጠላ ጥፍር አድርጌ አስሬ አውሮፕላን ገባሁ። የተበላን ቆላ ስለማውቅ ሙቀት አልፈራም ነበር። ዱባይ ግን ውጭው ምድጃ፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ በማቀዝቀዣው የተነሳ የዳሞታ ተራራ ሐምሌ ነው። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አሠሪዬ ማዳም ወንድ ልጅ ወለደች።

ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም፣ ይህን ቀድሜ ልናገር። ልጁ አንገቱን ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው የሚያዞረው። አንደኛውን ጡት እንደ ምንም ይይዛል፣ ወደ ሌላኛው ሲያዞሩት ይጮኻል። ሲይዝም በድዱ ይነክሳል፤ ጡቷ ቆስሎ ይደማ ነበር። እኛ ጋ አራስ ሴት ጎረቤት ከቧት የቡላ ገንፎ በቅቤ ትበላለች፤ ማዳም ግን እናቷም ሩቅ አገር ናት፣ ስልኳን ይዛ ብቻዋን ታለቅሳለች። ሐኪሙ ልጁን አይቶ የአንገቱ ጡንቻ ጠበቅ ብሏል፣ የሚያሰጋ ነገር የለም አላት። ከዚያ አንዲት ጓደኛዋ ካይሮፕራክተር ጋ ውሰጂው አለቻት።

ቃሉን ስሰማ የመድኃኒት ስም መስሎኝ ነበር። የቤቱ ሾፌር ነው «የጀርባና የአንገት አጥንት በእጃቸው የሚያስተካክሉ ናቸው» ያለኝ። ወጌሻ! አልኩ በልቤ። ወንድሜ እግሩ ወልቆ ወጌሻ ሲጎትተው ሁለት ሰው ነበር የያዘው፣ ጩኸቱ ገበያ ድረስ ተሰምቷል። ወር ያልሞላውን ሕፃን ደረቴ ላይ አጥብቄ ታቅፌ ገባሁ።

ካይሮፕራክተሯ ሽበት ጣል ያደረገባት፣ ድምፀ ለስላሳ ናት። ምንም አልጎተተችም። ገበያ ላይ አቮካዶ በስሎ እንደሆነ እንደምንነካው፣ በሁለት ጣቷ ብቻ አንገቱን ነካ ነካ አደረገችው። ቀጥላ የማዳምን ትከሻ አሸችና ትራስ ደግፋ አስቀመጠቻት። «ጡትሽን ወደ ልጁ አትጎትቺ፣ ልጁን ወደ ጡትሽ አምጪ» አለቻት። እንግሊዝኛዋ ቀላል ስለነበር ገባኝ።

ልጁ ያዘ። ወዲያው ነክሶ ኖሮ ማዳም ጮኸች። ሳላስበው ትንሿን ጣቴን በከንፈሩ ጥግ አስገብቼ አላቀቅኩት። ልጁ አለቀሰ። ያን ጊዜ ደረቴ ሞቀኝ፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ የሥራ ልብሴ በሁለቱም በኩል ረጥቧል።

«አንቺም እናት ነሽ?» አለች ሴትየዋ።

ማዳም ልብሴን አየች። ዓይኔ ላይ የመጣው የኤጀንሲው ወረቀት ነው።

«አይደለሁም፣ ልጅ የለኝም» አልኩ። «የእህቴን ልጅ ይዤ ነው የለመድኩት።»

ሴትየዋ ፎጣ አቀበለችኝ። መኪና ውስጥ ማዳም ወደ አገሬ ልትመልሰኝ ነው ብዬ ልብሴን በሐሳቤ ስሸክፍ ቤት ደረስን።

በማግስቱ ጠዋት ማዳም ኩሽና መጥታ በር ላይ ቆመች።

«ስሟ ማን ነው?»

«የማን?»

«የእህትሽ ልጅ።»

«ሳሮን።»

«አሁንም ትጠባለች?»

ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

«ለባለቤቴ እንዳትነግሪው» አለችኝ። «ሌላ ሠራተኛ ይቀይሩልን ይላል።» ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አገር ቤት እንድደውል ዓርብ ዓርብ ስልኳን ትሰጠኝ ጀመር። ደግነት ይሁን ሠራተኛ እንዳታጣ ፈርታ፣ አላውቅም። ሁለቱም ይመስለኛል።

ካይሮፕራክተሯ ጋ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ልጁ አንገቱን ማዞር ቻለ፣ ሁለቱንም ጡት ያዘ፣ ጉንጩም ሞላ። በእሷ እጅ ይሁን፣ በአያያዙ፣ ወይስ በራሱ ጊዜ፣ ምሎ የሚናገር የለም። ማዳም ስታጠባ እያየሁ ደስ ይለኛል፣ እዚያው ደግሞ ሳሮን ትዝ ትለኛለች። የእኔ ወተት ሳላስተውለው ደረቀ። አንድ ጠዋት ነጠላውን ሳላስር ሥራ ጀመርኩና ከሰዓት በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

ባለፈው ዓርብ ደወልኩ። እናቴ እንደ ልማዷ በወላይትኛ እየባረከች አነሳች።

«ሳሮን ቆመች!» አለችኝ። «ግድግዳ ይዛ እስከ በሩ ትሄዳለች። ጡትም አትፈልግም፣ የላም ወተት በኩባያ ነው።»

«ስጪኝ እስቲ፣ ድምፄን ትስማ።»

ስልኩ እጅ ሲቀይር ኳኳ አለ። ትንፋሿን ሰማሁ፣ ቅርብ፣ ጆሮዬ ውስጥ ያለች ያህል። ምን እንደምላት ሳምንቱን ሙሉ ሳሰናዳ ከርሜያለሁ፤ ስልኩን ወደ ጆሮዬ ይበልጥ አስጠጋሁ።

«ቻው» አለች ሳሮን።

እናቴ ከኋላ ሳቀች። «ስልክ ስታይ የምታውቀው እሱን ብቻ ነው፣ አትቀየሚያት» አለች።

እኔ ገና ምንም አላልኳትም ነበር።