ስክሪኑ እምቢ ያለኝ ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። አንዳንዱ አጋጣሚ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ሥራ ልጀምር ጠረጴዛዬ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ በጽሑፍ ላስቀምጠው አልኩ።

የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ከአባቴ ጋር ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ አባቴ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ መነጽሩን ያስቀመጠበትን፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቻችንን ስም፣ ኋላ ደግሞ ቁርስ መብላቱን። ብቻውን ጥሎ መውጣት ሲያስፈራኝ ጊዜ የምሠራበት የትራንዚት ድርጅት አብዛኛውን ቀን ከቤት እንድሠራ ፈቀደልኝ፤ ላፕቶፕም ሰጠኝ።

ሥራዬ የጉምሩክ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። የመጣውን ሰነድ በአንዱ ስክሪን እያየሁ በሌላው ቅጹን ካልሞላሁ እሳሳታለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ በራሴ ኮምፒውተር የሠርግና የክርስትና መጥሪያ ካርድ እሠራለሁ። ጠረጴዛዬ ጠባብ ስለሆነ ሁለቱን ስክሪኖች የቢሮው ላፕቶፕና የግል ኮምፒውተሬ ይጋሯቸዋል። መሀላቸው አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ቁልፏን ስጫናት ሁለቱም ስክሪኖች ከቢሮው ሥራ ወደ እኔ ሥራ ይሻገራሉ፤ መልሼ ስጫናት ይመለሳሉ።

ይህን ያዘጋጀልኝ የድርጅታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ቶሎሳ ነው። አዘጋጀልኝ ስል ቤቴ መጥቶ አይደለም። ምን እንደምገዛ፣ የቱ ኬብል የት እንደሚሰካ በስልክ እየነገረኝ ነው። እሱም እንደኔ ከቤቱ ነው የሚሠራው። የማውቀው ድምፁን ብቻ ነበር። አንድ ነገር ሦስቴ ብጠይቀው ሦስቴም መጀመሪያ እንደጠየቅኩት አድርጎ የሚመልስ ሰው ነው።

ያን ቀን ጠዋት የውሃ ቦቴ መጣ ሲባል ጀሪካን ይዤ ወረድኩ። ቧንቧችን ከደረቀ ሰንብቷል። አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። ወረፋው ረዘመ። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ሬዲዮው ያወራል፣ አባቴ የለም።

መጀመሪያ ደረጃውን ወጣሁ ወረድኩ። የብሎኩን ሰው ሁሉ ጠየቅኩ። የበሩ ጥበቃ አባቴ ሰላም ብሎት እንዳለፈና ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ መስሎት እንደነበር ነገረኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ የለም። ታክሲ ተራው ላይ ያሉትን ባለባጃጆች አንድ በአንድ ጠየቅኩ፤ ያየው የለም። ታናሽ እህቴ ሕይወት ከሥራ ቦታዋ እየሮጠች መጣች። ስልኳ ላይ የነበረውን የአባቴን ፎቶ ለምታውቀው ሁሉ በቴሌግራም ላከች። ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አመለከትን። ማስታወቂያ አትመን በየታክሲ ማቆሚያው እንድንለጥፍ መከሩን።

ሕይወት ፍለጋውን ቀጠለች፤ እኔ ማስታወቂያውን ላትም ወደ ቤት ሮጥኩ። ፕሪንተሩ የተገናኘው ከግል ኮምፒውተሬ ጋር ነው። ፊቱ ጥርት ብሎ የሚታይበት ፎቶም እዚያው ውስጥ ነው ያለው። መጥሪያ ስሠራበት የኖርኩት ኮምፒውተር ስለሆነ ማስታወቂያው የደቂቃ ሥራ ነው ብዬ ነበር።

ቤት ስደርስ መብራት ሄዶ መምጣቱን ከፍሪጁ ድምፅ አወቅኩ። ኮምፒውተሬን ከፈትኩት። ሲያጓራ ይሰማኛል፤ ስክሪኖቹ ግን ሁለቱም የቢሮውን ሰነድ ነው የሚያሳዩኝ። የሳጥኗን ቁልፍ ተጫንኩ። ምንም የለም። ደጋግሜ ተጫንኩ፣ ነቅዬ ሰካሁ። አባቴ ከቤት ወጥቶ የት እንዳለ አላውቅም፣ ፊቴ ላይ ተደቅኖ የሚያየኝ የሰው ዕቃ ዝርዝር ነው።

ሕይወት ወይም ፖሊስ ቢደውሉ ብዬ ስልኬን በሌላ ጥሪ መያዝ አልፈለግኩም። ስለዚህ ለቶሎሳ በላፕቶፑ ደወልኩለት። በአስቸኳይ የማትመው ነገር አለ አልኩት። ምን እንደሆነ አልነገርኩትም። አባቴ ጠፋ የሚለው ቃል ከአፌ ከወጣ ማልቀሴ ነው፤ ካለቀስኩ ደግሞ ሥራው አይሠራም።

ካሜራውን ከፍቼ ላፕቶፑን ወደ ሳጥኗና ወደ ስክሪኖቹ እንዳዞረው ነገረኝ። እሱም የራሱን ከፈተ። የቶሎሳን ፊት ያየሁት ያኔ ነው፤ በቀኙ ስክሪን ላይ፣ የጆሮ ማዳመጫ ያጠለቀ፣ ከጠበቅኩት በላይ ወጣት የሆነ ልጅ። ሳጥኗ መብራቱ ሲመለስ ደርቃ እንደቀረች ወዲያው ገባው። እሷን ትቼ የኮምፒውተሬን ኬብል በቀጥታ ከግራው ስክሪን ጋር እንዳገናኘው፣ ከዚያ ስክሪኑ ሥር ያለውን ቁልፍ እንድጫን አስረዳኝ። ኬብሉ እምቢ ብሎኝ ሁለቴ አመለጠኝ። አይዞሽ ቀስ በይ አለኝ።

የግራው ስክሪን ጠቆረ፣ ከዚያ በራ። የራሴ ኮምፒውተር መጣ።

አመስግኜው ልዘጋው ስል መሥራቱን ሳያይ እንደማይዘጋ ነገረኝ። እኔም ቶሎ ብዬ የአባቴን ፎቶ ከፈትኩ። እህቴ ልጇን ክርስትና ያስነሳች ዕለት የተነሳው ነው። ቡናማ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ካሜራውን ቀጥ ብሎ ያያል።

መሥራቱን አየህ ልለው ወደ ቶሎሳ ዞር አልኩ። ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ያያል።

«ሰብለ፣ እኚህ ሰውዬ ማናቸው?» አለኝ።

«አባቴ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶብናል።»

«ቆይ፣ እንዳትዘጊው» አለና ተነሳ።

ባዶ ወንበርና ከኋላው የተሰቀለ ጃኬት ማየት ጀመርኩ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ ምስሉ ተናወጠ። ጣሪያ ታየኝ፣ የበር መቃን፣ ከዚያ ዓይን የሚወጋ ፀሐይ። ላፕቶፑን ተሸክሞ ግቢ ወጥቷል። ምስሉ ሲረጋ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። አጠገባቸው፣ ሳህን ጭኑ ላይ አድርጎ እሸቱን እየመረጠ የሚቀበላቸው አባቴ ነው።

በግራው ስክሪን በፎቶ፣ በቀኙ ስክሪን ራሱ አባቴ። ያንኑ ኮት ለብሷል። እጄን ቀኙ ስክሪን ላይ አድርጌ መቆሜን ብቻ አስታውሳለሁ።

ቤታቸው አቃቂ በሰቃ ነው። ለሕይወት ደውዬ ነገርኳት፤ በባጃጅ ተያይዘን በረርን። ቶሎሳ መንገድ ድረስ ወጥቶ ጠበቀን። ከማዳመጫ ውስጥ የለመድኩት ድምፅ ከሰው አፍ ሲወጣ እንግዳ ሆነብኝ። እንግዳ መምጣቱን ጠዋት እናቱ እንደነገሩት፣ ወጥቶ ሰላም ብሎ ወደ ሥራው እንደተመለሰ፣ የጠፋ ሰው ነው ብሎ ፈጽሞ እንዳላሰበ እየደጋገመ ነገረን። ይቅርታ ሊጠይቀን እንደፈለገ ሲገባኝ ይበልጥ ልቤ ተነካ።

የቶሎሳ እናት እማማ ጫልቱ ይባላሉ። የሆነውን ያስረዱን እሳቸው ናቸው። አባቴ በራቸው ላይ ቆሞ ቤቴ ነው አላቸው። እብድ ብለው አላባረሩትም። የማን ቤት ነው ብለው ሲጠይቁት አባ በዳዳ አከራይተውኝ ብሎ መለሰ። አባ በዳዳ ከሞቱ የቆዩ የእማማ ጫልቱ አማት ናቸው። በዘመናቸው በግቢው ውስጥ ለፋብሪካ ሠራተኞች ክፍል ያከራዩ ነበር። አባቴ ወጣት ሆኖ ክር ፋብሪካ ሲቀጠር እዚያ መኖሩን እኔም እህቴም ያን ዕለት ነው የሰማነው። ስለዚህ እማማ ጫልቱ የቤተሰቡ ወዳጅ ሊጠይቃቸው የመጣ መስሏቸው ወንበር አወጡለት፣ ምሳ አበሉት።

«ማን ይወስድዎታል ብለው አልጠየቁትም?» አልኳቸው።

«ጠየቅኳቸው እንጂ። ልጄ ትመጣለች አሉኝ። እኔም እስክትመጪ ብዬ አብሬያቸው ተቀመጥኩ» አሉኝ።

ያኔ የያዝኩት እንባ ሁሉ ወጣ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። የተጨነቀ ነገር ፊቱ ላይ የለም።

«መጣሽ? ነግሬያቸው ነበር» አለኝ።

ከገላን በሰቃ ድረስ በምን እንደመጣ እስከ ዛሬ አናውቅም። በኪሱ ሳንቲም አልነበረም። በእግሩ ይሁን፣ ያዘነለት ባለባጃጅ ይሁን፣ እሱም አያስታውስም። ካለ ግን ያንንም ሰው እግዚአብሔር ይስጠው እላለሁ።

አንዳንዴ ሳጥኗ እንደወትሮዋ ሠርታ ቢሆን ኖሮስ እላለሁ። ማስታወቂያውን አትሜ ገላንና ቃሊቲ ስለጥፍ እውል ነበር። እማማ ጫልቱም ቶሎሳም ያን ቀን ከግቢያቸው ስላልወጡ ማስታወቂያውን አያዩትም ነበር። ሲመሽ አባቴ ልሂድ ብሎ ተነስቶ ቢወጣስ? ያንን ማሰብ ስለማልወድ እዚያ ላይ እተወዋለሁ።

ቶሎሳ በሳምንቱ ቤታችን መጥቶ ሁሉንም ነገር በእጁ አስተካከለልን። አሁን ዘመድ ሆነናል። አባቴ የእኔን ስም የሚረሳባቸው ቀኖች አሉ፤ በሰቃ እንሂድ የሚልበት እሁድ ግን አያመልጠውም። እኔና ሕይወት ተራ በተራ እንወስደዋለን።

ያለፈው እሁድ እማማ ጫልቱ ፊቴን አይተው ደክሞሻል፣ አንቺ ሂጂና ተኚ፣ ማታ ቶሎሳ ያመጣቸዋል አሉኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴን ለእህቴ ካልሆነ ለማንም ትቼ አላውቅም። ተነሳሁ። እስከ በሩ ስሄድ ዞሬ አየሁት፤ እያወራ ነበር፣ መሄዴንም ልብ አላለም። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን አወለቅኩና በቀኑ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት ማታ ደረጃው ላይ የአባቴንና የቶሎሳን ድምፅ ስሰማ ነው።