አማቴን ጉማሬ ላሳያቸው የወሰድኩ ዕለት

አማቴ ከደሴ ጅማ ድረስ የመጡት ጉማሬ ሊያዩ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ባገባሁ በመጀመሪያው ዓመት በስልክ የማወራቸው ቢጠፋኝ፣ «እኛ አገር እኮ ጉማሬ ሞልቷል፤ ጠዋት ጠዋት ከረግረጉ ወጥቶ ሲግጥ እናየዋለን» አልኳቸው። ጅማ ከተማ መሐል፣ ሄርማታ ሰፈር ተወልጄ ሄርማታ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በዕድሜዬ ያየሁት ትልቁ አውሬ የጎረቤታችን ውሻ ነው። ከዚያ በኋላ በየዒዱ ስንደዋወል «ጉማሬዎቹ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል። እኔም «አልሐምዱሊላህ፣ አንዷ ወልዳለች» እላለሁ።

ባለቤቴ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያስተምራል። ቅዳሜ እናቱን ይዞልኝ እንዲሄድ ስለምነው፣ የአላህ ነገር፣ በዚያው ቀን በጣም አስቸኳይ ስብሰባ ተገኘለት። ስለዚህ እኔና አማቴ ብቻችንን በሚኒባስ አሰንዳቦ ደረስን፤ ከዚያ በባጃጅ የዱር እንስሳት እስከሚጠበቁበት ጥብቅ ስፍራ በር ሄድን። አማቴ ለጉማሬው ክብር በሠርጌ ቀን ያደረጉትን ነጭ ጫማ ተጫምተዋል። ጭቃ ነው ብላቸው፣ «ሰው አገር ስሄድ ነጠላ ጫማ አላደርግም» አሉኝ።

በሩ ላይ ትልቅ የቆርቆሮ ሰሌዳ ቆሟል። ጉማሬ፣ ድኩላ፣ ከርከሮና ጉሬዛ እንደ ክፍል ተማሪ ተሰልፈው ተስለውበታል። ጠባቂው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቦት ጫማ ያደረገ ሰው ነው። አማቴ እንዳይገባቸው ብዬ በኦሮምኛ «ሮቢን ጂራ?» አልኩት፤ ጉማሬ አለ ወይ ማለቴ ነው።

«ሃርአ ሂንጂሩ» አለ ራሱን እየነቀነቀ። ዛሬ የለም። ውሃው ስለሞላ ወደ ታች ወርደዋል።

«ምን አለ?» አሉ አማቴ።

«ሞልተዋል፤ ትንሽ ታገሡ ነው ያለው።»

«እንደሱ አላልኩም እማማ» አለ ጠባቂው፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

አላህ ይስጠው። ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት እንዲህ ያለ ሐቀኛ የመንግሥት ሠራተኛ አንድም ቀን ገጥሞኝ አያውቅም። አማቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩና ቀድመውን መራመድ ጀመሩ።

ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ጠባቂው በጣቱ ድኩላ አሳየን፤ እኔ ሣር ብቻ ታየኝ፤ ቢሆንም «አየሁት» አልኩ። ከርከሮዎች ጅራታቸውን እንደ ሬዲዮ አንቴና ቀስረው መንገዱን አቋረጡ። ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የደፋ ረጅም ወፍ ሊያየን እንኳ ሳይፈልግ እየተጎማለለ አለፈ። አማቴ ለሁሉም «ማሻአላህ» ይሉና ወዲያው «ጉማሬውስ?» ይላሉ።

ረግረጉ ጋ ስንደርስ ውሃው መሐል ጥቁር ነገር ብቅ ብሏል።

«ያውልዎት! ጀርባው ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ድንጋይ ነው» አለ ሐቀኛው።

አማቴ ድንጋዩን ቀረብ ብለው ሊያዩ አንድ እርምጃ ሲራመዱ እስከ ጉልበታቸው ሰመጡ። ሁለታችን ጎትተን አወጣናቸው። እግራቸው ወጣ፣ አንዱ ጫማቸው እዚያው ቀረ። ተንበርክኬ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ጭቃው ውስጥ ከትቼ መፈለግ ያዝኩ። ለኑዛዜ ከዚህ የተሻለ ቦታ ስላላገኘሁ፣ «እማማ፣ አውፍ ይበሉኝ። እኔ ጉማሬ አይቼ አላውቅም» አልኩ።

«አውቃለሁ ልጄ። ባልሽ ያኔውኑ ነግሮኛል።»

«ታዲያ በየዒዱ ‹እንዴት ናቸው› ሲሉኝ የነበረው?»

«ምን ልበልሽ? ሌላ ወሬ አልነበረሽም።»

«እዚህ ድረስስ ለምን መጡ?»

«ናፈቃችሁኝ ብዬ ብመጣ ሥራ አለብን ትሉኛላችሁ። ለጉማሬ ግን ይኸው፣ አንዳችሁ እንኳ ተገኛችሁ።»

ክንዴን ጠለቅ አድርጌ ጫማውን ስዳብስ ጠባቂው «ዝም!» አለን። አማቴ «ያ ረቢ!» አሉ። ከኋላዬ አንድ ከባድ ነገር ውሃውን ሲመታው ሰማሁ። ክንዴን ከጭቃው አላቅቄ እስክዞር ድረስ የሚታየው የሚሰፋ ሞገድ ብቻ ነበር።

«አየሽው? ይሄን የሚያህል አፍ!» አሉ አማቴ፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው።

«አላየሁትም።»

ጠባቂው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አንዳንዴ ይመጣል» አለ።

ከጭቃው በመጨረሻ አንድ ጫማ አወጣሁ። የወንድ ሰንደል ነበር፣ የግራ እግር። ማን እዚህ እንደተወው አላህ ያውቃል። አማቴ አገላብጠው አዩት፣ ውሃ አፈሰሱበትና አጠለቁት። አሰንዳቦ ላይ አንድ እግራቸው የሠርግ ጫማ፣ አንድ እግራቸው የወንድ ሰንደል አድርገው አስፋልቱን ሲሻገሩ ከተማው በሙሉ ቆሞ አየን። እሳቸው ግን በጭቃ የተለበጠ ክንዴን ይዘው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው የተሻገሩት።

የሚኒባሱ ሹፌር ወንበሩ እንዳይቆሽሽበት የመጨረሻው ረድፍ ላይ ላስቲክ አንጥፎ አስቀመጠን። ጅማ እስክንገባ አማቴ ትከሻዬ ላይ ተኝተው አንኮራፉ። ክንዴ ደንዝዞ ነበር፤ አላንቀሳቀስኩትም።