ሰባት ወር የተደበቀ መርዶ

የእናቴን ሞት ሰባት ወር ሙሉ ደበቁኝ። የደበቀችኝ አክስቴ እትዬ አሰለፈች ናት፤ ያገዛት ደግሞ ደብረ ብርሃን ያለው ሰፈራችን በሙሉ። ለኔ አዝነው ነው ይላሉ። እኔ በደል ነው እላለሁ።

ባለፈው ሰሞን የእትዬን ባና አጥቤ ለማስጣት ሳነሣው የእርጥብ በግ ጠጉር ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ያ ዓመት እንዳለ መጣብኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ሕመሙ ሲጠናባት ከአንኮበር ወደ እህቷ ቤት ላከችኝ፤ እዚህ ባና ሥር ነው ከእትዬ ልጅ ከጌቱ ጋር ተጣብቀን የምንተኛው። ጥር ላይ እትዬ ጥቁር ለበሰች። ለሩቅ ዘመድ ነው አሉኝ። እናቴስ ስል፣ ጠበል ገብታለች አሉኝ። አመንኩ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ወደደኝ። እንቁላል ለገበያ እንጂ ለልጅ በማይቀርብበት ቤት ለኔ እንቁላል ይቀቀል ጀመር፤ ስገባ ወሬ ይቆማል፣ ሴቶቹ ራሴን ይዳብሳሉ፣ ድሮ ጆሮዬን ጎትቶ የሚያባርረኝ ባለ ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ያስይዘኛል፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ጌቱ እንኳ ስመታው ዝም ስለሚለኝ እኔ ሞኙ ጉልበት ያወጣሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። ለቡሄ ሆያ ሆዬውን እየመራሁ በየደጁ ስዞር ሴቶቹ ሙልሙሉን እየሰጡን ያለቅሳሉ። ድምፄ አንጀት የሚበላ መሰለኝ።

ፊደል ስለማላውቅ ለእናቴ ደብዳቤ የሚጽፉልኝ ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ነበሩ። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው መነጽራቸውን እየጠረጉ ይጽፋሉ፤ በሳምንቱ መልስ መጣ ብለው ያነቡልኛል፤ "ልጄ፣ ደህና ነኝ፣ አክስትህን አታስቸግር" ይላል። መልሱን ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው ያነቡት እንደነበር የገባኝ፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ማለዳ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቤታችንን ሲሞላው ነው። እኔ መሬት ላይ ስንከባለል እነሱ እንባቸውን ከጨረሱ ቆይተዋል። ቀትር ላይ ስለ ገብሱና ስለ በረዶው ያወሩ ነበር። እናቴን ብቻዬን አለቀስኳት። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ትምህርት ቤት ግባ ሲሉኝ ወረቀት አላይም ብዬ ሸሸሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላኝ ግን ማታ ማታ ከልጆች ጋር ፊደል ቆጠርኩ፤ ዳግመኛ ሰው እንዳያነብልኝ።

ዘንድሮ ጌቱ ሞተ። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። እትዬ አርጅታለች፣ ልቧም ደካማ ነው፤ ስለዚህ ዕድርተኛው ተመካከረና፣ ጌቱ ጅቡቲ ወደብ ወረፋ ይዟል ተብሎ ተነገራት። አርባው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የዕድሩ ዳኛ ወደ ጎን ሳብ አድርጎ፣

"አደራህን፣ አፍህን ዝጋ" አለኝ። "በድንጋጤ ትሞትብሃለች።"

"እኔ ሞትኩ?" አልኩት።

"አንተማ ይኸው ስትነጫነጭ አረጀህ" አለኝና ሄደ።

ባናውን ያጠብኩት ያንኑ ዕለት ነበር፤ አጥር ላይ አሰጣሁትና ገብቼ እትዬ አልጋ ጫፍ ተቀመጥኩ። እጄ እርጥብ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ እሷን የምቆጣበትን ነገር አሁን እኔው እየሠራሁት እንደነበር ታወቀኝ፤ እኔም ወር ሙሉ ዓይኗን እያየሁ ጅቡቲ ስል ከርሜያለሁና።

"እትዬ፣ ጌቱ ጅቡቲ አይደለም" አልኳት።

ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

"እንቁላል ሲቀቅሉልኝ ነው ያወቅሁት" አለች። "አንድ የሚነግረኝ ሰው ይገባ ይሆን እያልኩ በሩን ሳይ ከረምኩ። ሁሉም ስቆ ይገባል፣ ስቆ ይወጣል። ለብቻዬ እንዴት ላልቅስ?"

"እኔም ብቻዬን ነው ያለቀስኩት" አልኳት። ክፉ ነኝ፤ ያን ሰዓት እንኳ አልተውኳትም።

"አውቃለሁ። ፈርቼ ነው። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።"

መጀመሪያ ለጌቱ አለቀስን። ከዚያ እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ "እህቴ ዘነበች፣ እህቴ ዘነበች" ማለት ጀመረች። በዚያ ሁሉ ዓመት የእናቴን ስም በፊቴ ጠርታው አታውቅም። ሰባቱ ወር አይመለስልኝም፣ ያ ሆያ ሆዬም ከጆሮዬ አይወጣም፤ እናቴን ግን ከሰው ጋር አለቀስኳት፣ የካቲት አሥራ ስድስት፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት።