በሳምንት አምስት ቃል

ካሣሁን ናይሮቢ በሚገኝ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት አስተርጓሚ ሆኖ ሠርቷል። የሀገሩ ልጆች የስደት ጉዳያቸውን ሲያስረዱ አማርኛውንና ኦሮምኛውን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው እሱ ነበር። አንድ ቃል ቢያጎድል የሰው ዕድል እንደሚበላሽ ስለሚያውቅ በሥራው ቀልድ የለም። ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቱም ያው ነው። እዚሁ የተወለደችው ልጁ ሐሊና አማርኛውን ከስዋሂሊ ስትቀላቅል፣ «እዚህ ቤት የሚነገረው አንድ ቋንቋ ነው» እያለ ያቋርጣታል።

ባለፈው ጥቅምት ከቢሮ ወጥቶ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ሲጠብቅ ግማሽ አካሉ ከዳው። ስትሮክ ነው ተባለ። እግሩ በሁለት ወር ተሻለው፤ ንግግሩ ግን አልተመለሰም። ሐኪም ቤት ተኝቶ መጀመሪያ ያወጣው ቃል «ማጂ» የሚል ነበር። በስዋሂሊ ውሃ መጠየቁ ነው። ሚስቱ ውዴ ውሃውን እያጠጣችው አለቀሰች። ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ላይ የትኛው ቀድሞ እንደሚመለስ አይታወቅም አሏቸው ሐኪሙ።

እሱ ግን ካላንደሩ ላይ ፋሲካን በጣቱ አሳያቸው። ከበዓሉ በኋላ ሥራ ሊገባ ወስኗል። ጠዋት ማታ ሬዲዮ ከፍቶ የሰማውን ለመድገም ታገለ። ቀኑ ሲደርስ ውዴ ክራቫቱን አሰረችለትና ቢሮ ሄደ። አለቃው ሚልኬሳ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሳት አንዲት አጭር የአማርኛ ንግግር ሰጠው፦ «ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንዷ ታማለች።»

ካሣሁን አፉን ከፍቶ ቆየ። «ዋቶቶ» አለ በመጨረሻ። ልጆች ማለት ነው፣ ያውም በስዋሂሊ። ከዚያ በላይ አልወጣውም።

«ጋሽ ካሣሁን፣ ትንሽ ይረፉ» አለው ሚልኬሳ መሬት መሬቱን እያየ።

በሁለተኛው ሳምንት የስንብት ደብዳቤ መጣ። ስለ አገልግሎቱ በማመስገን ነበር የሚጀምረው። ካሣሁን አልጋ ላይ ወጣ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዞረ።

ንግግር የምታለማምደው ኬንያዊት ባለሙያ፣ ላሚያ፣ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ቢሮውን እርሳው» አለችው በስዋሂሊ። «በሳምንት አምስት ቃል ይበቃናል። ለማን ምን ማለት ትፈልጋለህ?»

የእናቱን ፎቶ አሳያት። ደሴ ያሉት እናቱ ወይዘሮ ሙሉሸዋ መታመሙን አያውቁም። ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ለሥራ ሄዷል ተብለው ነበር።

አምስቱ ቃላት ተመረጡ፦ «እማዬ፣ ካሣሁን ነኝ፣ ደህና ነኝ።» ላሚያ አማርኛ ስለማትችል የምታለማምደው ሐሊና ሆነች። «አባዬ፣ እንደገና» ትለዋለች። ሲሳሳት ታቋርጠዋለች። አንዳንዴ ተናድዶ ጠረጴዛውን ይመታል፤ እሷ ግን፣ «እንደገና» ትላለች። ለሳምንት የታሰበው ስድስት ሳምንት ፈጀ።

ሰኔ ውስጥ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደሴ ደወሉ። ካሣሁን አምስቱንም ቃላት አንድ ሳያጎድል ተናገረ።

ወይዘሮ ሙሉሸዋ፣ «አንተ ማነህ?» አሉ። «የልጄን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው ከምታስደውሉ ሞቷል አትሉኝም?»

ካሣሁን ሌላ ቃል አልነበረውም። ያንኑ ደገመላቸው። ሲደግም ደግሞ ምላሱ ተያያዘ። ውዴ ስልኩን ተቀብላ እውነቱን ነገረቻቸው።

«ስምንት ወር ዋሻችሁኝ» አሉና ዘጉባት።

ካሣሁን ለአሥር ቀን ላሚያን አላስገባም አለ። በአሥራ አንደኛው ቀን ራሱ በር ከፈተላት።

አሁን አርባ የሚሆኑ የአማርኛ ቃላት አሉት። ከቢሮ የሚደውልለት የለም። እሱ እሁድ እሁድ ደሴ ይደውላል። እናቱ ያነሳሉ፤ ልጃቸው መሆኑን አምነዋል። ቃል ሲፈልግ የሚያቃስተውን መስማት ግን አንጀታቸው አይችልም። ጥቂት ታግሠው ስልኩን ለጎረቤታቸው ይሰጣሉ። ካሣሁን ለእናቱ የጀመረውን ለጎረቤቷ ይጨርሳል።