ባሕር በሌለው ከተማ የባሕር ዓሣ አጥማጆች መዝጋቢ

የሥራዬን የመጀመሪያ ቀን ያሳለፍኩት በእናቴ ክሎዜት፣ በልብስ ማስቀመጫዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በ2020፣ ኮቪድ በገባ ሰሞን፣ ሃይስኩል እንደጨረስኩ አንድ ኮል ሴንተር፣ የስልክ ጥሪ ማዕከል፣ ቀጠረኝ። ላፕቶፕና ሄድሴት፣ ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ፣ በካርቶን ላኩልኝና «ድምፅ የማይገባበት ክፍል ያስፈልግሻል» አሉኝ። ኮለምበስ፣ ፎረስት ፓርክ ባለው ቤታችን እንዲህ ያለ ክፍል የለም። ወንበር ይዤ ክሎዜት ገባሁ። ካፖርቶቹ ድምፅ ይውጡ ነበር።

እናቴ በሩን ከፈተችው። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከባሕር ዳርቻ ሰዎች ጋር። ዓሣ ለማጥመድ እየመዘገብኳቸው ነው።»

«ዓሣ ለማጥመድ ማን ይመዘገባል? ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች እንዳያታልሉሽ!» አለችና መልሳ ዘጋችው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ውሌ ስለማይፈቅድ ስሟን የማልጠራት አንዲት የባሕር ዳርቻ የአሜሪካ ስቴት፣ ለመዝናናት ከጨው ውኃ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ሁሉ ዕድሜው አሥራ ስድስት ከሞላ በየዓመቱ እንዲመዘገብ ታስገድዳለች። ከሌላ ስቴት የሚመጣም ይመዘገባል። ፈቃድ ባለው የኪራይ ጀልባ ላይ ከሆነ ግን የጀልባው ፈቃድ ይሸፍነዋል። ዓላማው ቆጠራ ነው፤ ስንት ሰው እንደሚያጠምድ ካልታወቀ ስንት ዓሣ እንደቀረ አይታወቅም። ኢንተርኔት የማይሆንለት ይደውላል፤ ስልኩ ኮለምበስ ይጠራል፤ እኔ አነሳለሁ። ያን ጊዜ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር።

ምዝገባው በነፃ ነው። ይህ ሥራውን የሚያቀል መስሎኝ ነበር፤ አከበደው። «ምንም አይከፍሉም» ስል፣ «ካልተከፈለበት ስሜን ለምን ፈለጋችሁት?» ይላሉ። ለቆጠራው እንደሆነ ስነግራቸው አንዱ ሽማግሌ «ስንት ዓሣ እንደያዝኩ ለሚስቴም እውነቱን ነግሬያት አላውቅ፣ ላንቺ ልናገር?» አሉኝ።

ሱፐርቫይዘሬ ዳርሊን በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት የቆየች ሴት ነበረች። ያስተማረችኝ መጠርጠር ነው። ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው «እዚሁ ነው የምኖረው» ካለ፣ የቤቱን የፖስታ ቁጥር፣ ዚፕ ኮዱን፣ ሳያስብ መናገሩን አዳምጪ። «ባልመዘገብስ ምን ይመጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንዴ ተይዟል። በጣም የሚያመሰግንሽን ደግሞ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቂ። ሁሉንም በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩት። እሷን ደስ ማሰኘት እፈልግ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንቴ አንድ ሰው ደወሉ። እንግሊዝኛቸው ቀስ ያለና በጥንቃቄ የተመረጠ ነበር። ልጃቸው በዚያች ስቴት ትኖራለች፤ ሊጠይቋት ሲሄዱ ከድልድዩ ላይ ማጥመድ ይፈልጋሉ። አድራሻቸው ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ፣ ከኛ ቤት ብዙም የማይርቅ አፓርታማ ነው። ስማቸውን ስጠይቅ «ወርቁ ተሰማ» አሉ።

ለደዋይ የማነበው የተጻፈ ጥያቄ፣ ስክሪፕቱ፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ ስምዎን መታወቂያዎ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ያንብቡልኝ» ይላል። ትልቅ ሰው ስማቸውን ከነገሩኝ በኋላ እንደማያውቁት ሁሉ ደግመው እንዲያነቡልኝ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ወርቁንም ተሰማንም መጻፍ አያቅተኝም። ዘለልኩት። ስጨርስ በአማርኛ «አለቀ ጋሼ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም» አልኳቸው።

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። «ሐበሻ ነሽ እንዴ?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሐበሻ ምን ይሠራል?»

መልሴን ሳይጠብቁ «እሺ» ብለው ዘጉት።

በ2021 በጋ ሰሜን ኮለምበስ ወዳለው ቢሮ ተመለስን። ባጅ ተሰጠኝ፤ የራሴ ጠረጴዛ ነበረኝ። የኤጀንት ቁጥሬ 417 ነው። የሌሎችን ጥሪ እየሰማ ስህተት ለሚለቅመው ለኳሊቲ ዴስክም አጭተውኝ ነበር። ስልክ ላይ የምጠቀመው ስም «ሚያ» ሲሆን እንግሊዝኛዬ እዚህ ያደገ ሰው እንግሊዝኛ ስለሆነ ማንም ከየት እንደሆንኩ አይጠይቀኝም።

አንድ ጠዋት «የመጨረሻ ስም?» ስል «አለሙ» የሚል ድምፅ መለሰልኝ። የልደት ቀናቸውን ተቀብዬ ከስሙ ጋር ፈለግሁ፤ የለም። «በዚህ ስም የተመዘገበ የለም ጌታዬ» አልኩ።

«ፖሊሱም እንዲሁ አለ!» አሉ በእንግሊዝኛ። «አምና ስልክ ደውዬ ተመዝግቤያለሁ። ስሜን ወስዳችሁ የት አደረሳችሁት?»

ነገሩን በየተራ ነገሩኝ። ድልድዩ ላይ ሲያጠምዱ የዓሣ ጥበቃ ፖሊስ መጥቶ መንጃ ፈቃዳቸውን ወሰደ፣ መዝገቡን አየ፣ አጣቸው። በዚያን ቀን የተመዘገቡ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ በአሥራ አራት ቀን ካላቀረቡ ክስ እንደሚሆን የሚገልጽ ወረቀት ሰጣቸው። ዘጠኙ ቀን አልፏል። የምዝገባው ካርድ በፖስታ መድረስ ነበረበት፤ አልደረሳቸውም።

«አሁን እንደ አዲስ ልመዝግብዎት እችላለሁ» አልኩ፤ ስክሪፕቱ የሚለው እሱን ነው።

«ዛሬ ከተመዘገብኩማ ያን ቀን አልተመዘገብኩም ማለት ነው። በሚቀጥለው ወር የዜግነት ኢንተርቪው አለኝ። የዜግነቱ ፎርም ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ይላል። በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ ለዓሣ ብዬ፣ አዎ ልበል?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የመዘገበችኝ የአገሬ ልጅ ነበረች። በአማርኛ ስታወራኝ ነው የጠረጠርኩት። ስሜንና የልደት ቀኔን ወስዳ ሌላ ሥራ ሠርታበታለች። በኛ ጊዜ ስም የሚመዘገበው ለደግ አልነበረም፤ ረስቼው ነው እንጂ።»

ያን ጊዜ ድምፃቸውን አወቅሁት። «ጌታዬ…» ብዬ ስጀምር፣ «ከእንግዲህ ስሜን አልሰጥም» አሉና ዘጉት።

በምሳ ሰዓት ባጄን ለበሩ ሳሳየው ስሜን አየሁት። የመጨረሻው ስም የአያቴ ነው። አባቴ ዲቪ ሲደርሰው ፓስፖርታችን ላይ ሦስት ስም ነበር፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። አሜሪካ ሦስተኛውን የቤተሰብ ስም ብሎ ያዘው። እኛ ግን ማን ነህ ሲሉን የራሳችንንና የአባታችንን ስም እንናገራለን፤ አያታችንን የሚጠራ የለም።

ምሳዬን ትቼ ተመለስኩ። በልደት ቀናቸው ብቻ ፈለግሁ። ወርቁ፣ የመጨረሻ ስም ተሰማ። ዓመቱ አላለቀም፤ ምዝገባው ድልድዩ ላይ በተያዙበት ቀን የጸና ነበር። ካርዱ ተልኮ «በዚህ ስም ነዋሪ የለም» ተብሎ ተመልሷል፤ የፖስታ ሣጥናቸው ላይ ያለው ስም አለሙ ሳይሆን አይቀርም። ከታች «መዝጋቢ፦ 417» ይላል።

ማንም አላየኝም። መስኮቱን ዘግቼ የሚቀጥለውን ጥሪ ማንሳት እችል ነበር። ሁለት ጥሪ አነሳሁ። ከዚያ ወደ ዳርሊን ሄጄ ነገርኳት።

አላመነችኝም። የአምናውን ጥሪ የድምፅ ቅጂ አስፈልጋ ጠረጴዛዋ ላይ ከፈተችው። ድምፄ ክሎዜት ውስጥ ሆኖ ይስቃል። ዘልዬ ያለፍኩት ቦታ ላይ አቆመችው።

«ይሄ ጋሼ የምትዪው ማን ነው?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ስሙ ወርቁ አይደለም እንዴ?»

«ጋሼ ስም አይደለም። በዕድሜ ለሚበልጠን ወንድ የምንለው ነው፤ እንደ ታላቅ ወንድም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ወንድምሽ ነው?»

«አይደሉም።»

«የዘመድ ፋይል መንካት ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ። ቤቱም ከቤትሽ አይርቅም።»

«ዘመዴ አይደሉም። ኮለምበስ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሐበሻ ወንድ ሁሉ ጋሼ ነው።»

«ሁሉም ወንድምሽ ነው ማለት ነው» አለች። «ያመቻል።» ስቀጠር የሞላሁትን ፎርም አውጥታ የቤተሰቤን ስም ከእሳቸው ስም ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ቅጂውን እንደገና አስኬደችው። «እዚህ በቋንቋችሁ ያልሽውን ተርጉሚልኝ።»

«አለቀ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም።»

«ያስፈልግ ነበር» አለች።

ያን ቀን ተመዝግበው እንደነበር የሚገልጽ የእርማት ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። ምክንያቱ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። «የሲስተም ስህተት» ከተባለ ማንም አይጠየቅም፤ ግን ስቴቷ እስክታጣራው ሠላሳ ቀን ይፈጃል። «የኤጀንት ስህተት» ከተባለ በማግስቱ ይወጣል፤ የኤጀንቱ ፋይል ውስጥም ይገባል፤ የኳሊቲ ዴስኩም ነገር ያበቃል። ዳርሊን ሁለቱን ነግራኝ ምርጫውን ለኔ ተወችው። ፈተና ይሁን ደግነት እስካሁን አላውቅም። የመጀመሪያውን መምረጥ ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም። የቀሩት ቀናት አምስት ነበሩ።

«የኤጀንት ስህተት» አልኩ።

ደብዳቤው እንዲወጣ ግን ባለቤቱ መታወቂያቸውን ማንበብ አለባቸው። ዳርሊን ሌላ ሄድሴት አድርጋ አጠገቤ ተቀምጣ ደወልኩ። አላነሱም። በሁለተኛው ቀን በአራተኛው ሙከራ አነሱ። በእንግሊዝኛ ስጀምር «አትደውሉብኝ» አሉ። ዳርሊንን አየኋት። «ተናገሪ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቃል ትነግሪኛለሽ» አለች።

«ጋሼ ወርቁ፣ አምና የመዘገብኩዎት እኔ ነኝ። ስምዎ መዝገቡ ውስጥ አለ። በአያትዎ ስም መጻፍ ሲገባኝ በአባትዎ ጻፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ፤ መናገር አይፈቀድልኝም።»

«ስሜን ታውቂያለሽ፣ የአባቴን ታውቂያለሽ፣ አሁን ደግሞ አያቴ ጋ ደረስሽ። የራስሽን ግን አትናገሪም። አይ ሐበሻ!»

«መንጃ ፈቃድዎን ብቻ ያንብቡልኝ።»

«እሱን ነው ያልኩት! ሌባ ሌላ ምን ይላል?»

እውነታቸውን ነው። እሳቸውን ብሆን እኔም አላነብም ነበር። «ጋሼ፣ አይመኑኝ» አልኳቸው። «ስልኩን ይዝጉት። ፖሊሱ የሰጠዎት ወረቀት ላይ ቁጥር አለ፤ በራስዎ ስልክ ይደውሉበትና 417ን አገናኙኝ ይበሉ። እኔ ካልመጣሁ ሌባ ነኝ።»

ዘጉት። ለዳርሊን ቃል በቃል ተረጎምኩላት። «አይመኑኝ ብለሽ ነው ያሳመንሽው?» አለች።

«ያመኑኝ አይመስለኝም።»

ያን ቀን አልደወሉም። በማግስቱም አልደወሉም። ስልክ በጮኸ ቁጥር አንገቴን አቀና ነበር። ሁለት ቀን ሲቀር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከወዲያኛው ረድፍ ባልደረባዬ ኪት ጮኸ፦ «417! አንድ ሰው አንቺን ካላገኘሁ ስሜን አልናገርም ይላል!»

መስመሩን ተቀበልኩ። «ሌባ አይደለሽም ማለት ነው» አሉ።

«አይደለሁም ጋሼ። በስሙ እንጀምር፤ ፊደል በፊደል።»

አነበቡ። ወርቁን፣ ተሰማን፣ በመጨረሻ ኤ፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤም፣ ዩ። መልሼ አነበብኩላቸው። እንደገና አንብቢ አሉኝ፤ አነበብኩ።

«አለሙ አያቴ ናቸው» አሉ። «የደጋ ሰው፣ ዓሣ በዓይናቸው አላዩም። አሁን ባሕር ላይ የሚፈለጉት እሳቸው ሆኑ?»

«አዎ ጋሼ፣ እዚህ አገር የሚፈለጉት እሳቸው ናቸው።»

የሳቁ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። «ደብዳቤው የማን ጥፋት ይላል?»

«የኤጀንት 417።»

«አንቺው አይደለሽ? ታዲያ በራስሽ ላይ ለምን ትጽፊያለሽ?» ጥርጣሬው ተመለሰ።

«ሌላው መንገድ ሠላሳ ቀን ይፈጃል።»

«እ» አሉ። አላመሰገኑኝም። ዳርሊን በጣም ከሚያመሰግን ሰው ተጠንቀቂ ያለችኝ ትዝ አለኝና ቀለል አለኝ። ደብዳቤው በማግስቱ ወጥቶ ለፖሊሱ በኢሜይል ተላከ፤ የቀረው አንድ ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ አላወቅሁም። በዚህ ሥራ የሰው ጉዳይ መጨረሻው አይታወቅም፤ ያለ ጥሪ ፋይል መክፈትም ክልክል ነው። ኳሊቲ ዴስክ ሌላ ሰው ገባ።

በ2022 ኮሌጅ ልገባ ሥራ መልቀቂያ ባስገባሁበት ሳምንት ዳርሊን ቡናዋን ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። «ወንድምሽ ምዝገባውን አደሰ» አለች።

«የትኛው ወንድሜ?»

«አለሙ። ኪት ነው ያነሳለት፤ ስሙን ሁለት ጊዜ መልሶ እንዲያነብለት አድርጎታል።»

«መታወቂያው ምን ነበር?»

ዳርሊን እንዲህ ዓይነት ነገር መናገር አትወድም። ዞር ዞር ብላ አየች። «አምና መንጃ ፈቃድ ነበር» አለች። «ዘንድሮ ፓስፖርት ነው። የኛው የአሜሪካ ፓስፖርት።»

አሁን የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን የምታነቡ የሐበሻ ልጆች፣ ብዙዎቻችሁ በነዚሁ ኮል ሴንተሮች ልትቀጠሩ ስለሆነ የማውቀውን ልንገራችሁ። የደዋዩን ስም የምታውቁት ቢመስላችሁም፣ የአገራችሁ ሰው ቢሆኑም፣ መታወቂያቸው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስነብቡ። ከዚያ መልሳችሁ አንብቡላቸው።