የእኔ የትራስ ልብስ ለምን ተወሰደ?

የታላቅ እህቴ የብርቄ የትራስ ልብስ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የእኔ ነው የተወሰደው፤ ዕጣ እንኳ አልተጣለም። ይህ በደል ነው፤ አርጅቼም በደል ነው እላለሁ። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ከንፋስ መውጫ ከተማ አዲስ የትራስ ልብስ ገዝታ መጥታ ከላስቲኩ ስታወጣው፣ ያ ውኃ ያልነካው ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን መታውና እንባዬ ቀደመኝ።

በደርግ ጊዜ እኛ ቤት የትራስ ልብስ ትራስ ላይ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነበር። ሽምብራ ይቋጠርበታል፣ ዘር ይያዝበታል፣ ዶሮም አንገቷን ብቻ ብቅ አድርጋ እንደ እመቤት አርብ ገበያ ትወርድበታለች። ስለዚህ ለእኔና ለብርቄ አቡጀዴ ሲቆረጥልን የየራሳችንን ማንም እንዳይነካብን ብለን ጥልፍ ጀመርን። እሷ ቀይ አበባ ጠለፈች። እኔ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል የለየሁበት ጊዜ ነበርና ስሜን ከነአባታችን «እናና ይርጋ» ብዬ ጠለፍሁ፤ ሁለተኛዋ «ና» ተገልብጣ ቀረች።

«አንቺ፣ ትራስሽ ሲጠፋ ቀበሌ ሊያፈላልግልሽ ነው?» ብላ ብርቄ ቤቱን ሁሉ አሳቀችብኝ።

ወንድማችን ደሴ ለብሔራዊ ውትድርና የተያዘ ዕለት እናቴ የገብስ በሶ አዘጋጅታ መያዣ ስትፈልግ ቆየችና የእኔን ከትራሴ ላይ ገፈፈችው።

«እመዬ፣ የብርቄስ?»

«ዝም በይ!»

ደሴ የጨርቁን አፍ ቋጥሮ ትከሻው ላይ ጣለው። «እመልስልሻለሁ፣ እናናዬ፤ የሚያልቀው በሶው ነው» አለኝ።

አብረውት የሄዱት አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ እሱ አልመጣም። ሞተ የሚለንም አልተገኘም፣ ለቅሶ እንኳ በወጉ አልተቀመጥንለትም። ብርቄ አበባዋን ይዛ ተዳረች። እኔ ግን እናቴን መጠየቅ አልተውሁም፤ ዛሬ ሳስበው፣ ወንድሜን አምጪ ማለት ቢያቅተኝ ነው ጨርቄን የምጠይቃት የነበረው። ሁልጊዜ ፊቷን ታዞርብኛለች።

በመጨረሻ፣ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ፣ አንድ ቀን ራሷን ቀና አድርጌ ሳስደግፋት ደግሜ ጠየቅኋት።

«የብርቄ ላይ አበባ ብቻ ነዋ» አለችኝ። «እኔ ፊደል አላውቅም፤ ያንቺ ላይ ግን ይርጋ የሚል እንዳለበት ጧት ማታ ስታነቢው ሰምቻለሁ። ሜዳ ላይ ቢወድቅብኝ፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያነብለት ሰው አይጠፋም ብዬ ነው።»