የማያሞቀው ሂተር

አባቴ ከገና በኋላ ለሚሆነው የእህቱ ልጅ ሠርግ ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ሲሄድ ሁለት ነገር አደራ ሰጠኝ፤ እናቴንና መኪናውን። ሁለቱንም ከኦክላንድ ሳን ሆዜ እኔ ቤት አመጣኋቸው። መኪናዋ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ሁለት በር ያላት፣ በዕድሜ ከኔ የምትበልጥ የድሮ ስፖርት መኪና ናት። ኦክላንድ ታክሲ በሚነዳበት ዘመን ከአንድ ደንበኛው ገዝቶ፣ ራሱ ፈታትቶ ራሱ ገጣጥሞ ነው ያስነሣት። እናቴ «ጣውንቴ» ነው የምትላት።

ጣውንቷን የምትጠላበት ዋናው ምክንያት ብርዱ ነው። ሂተሯ አይሠራም። «አሠራው እንጂ» ስትለው አባቴ «ዕቃው አይገኝም» ይላል፤ እሷም «ቋጣሪ» ትለዋለች። በዚያ ላይ ንፋስ ትፈራለች። ሙቀት ነው ብርድ ነው አትልም፣ እሷ መኪና ውስጥ ከገባች መስኮት ይዘጋል። ጣት የምታህል ክፍተት ካየች «ንፋስ መታኝ» ብላ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ትጠመጥማለች።

በዚህ ዊንተር ደግሞ ሳንባ ምች ይዟት ገና ማገገሟ ነበር። ኦክላንድ ያለው ሐኪሟ ዘንድ የምትቀርብበት ቀን ደረሰ። የኔ መኪና አንዱ ከኋላ ገጭቷት ጋራዥ ገብታለች። በታክሲ እንሂድ ብላት «የማላውቀውን ሰው መስኮት ዝጋልኝ እያልኩ ልለማመጥ?» አለች። የቀረችን ጣውንቷ ናት፤ በዚያ ብርድ ሄዳ ሳንባዋ ዳግም ቢታመምስ? ስለዚህ ሂተሩን እኔው ልሠራው ተነሣሁ። ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ሰርፕራይዝ ላደርገው ነበር።

ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ስህተት መፈለግ ነውና ራሴን ባለሙያ አደረግሁ። የማውቀው መኪና ሁሉ የሚያሞቀው በሞተሩ ሙቅ ውሃ ነው፤ እና ራዲያተር ፍለጋ ገባሁ። ፊቷን ብከፍት ትርፍ ጎማ። ኋላዋን ብከፍት ሞተርና ትልቅ ማራገቢያ። ለካ ይቺ ጉደኛ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው! ታዲያ ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ቪዲዮ ከፈትኩ። ሰውየው «ቀላል ነው» ይላል። ማራገቢያው አየሩን በጋለው የጭስ ማውጫ ዙሪያ ይነዳዋል፣ አየሩ ይሞቃል፣ በቱቦ ወደ ውስጥ ይገባል። በሁለቱ ወንበሮች መሃል ያለችው እጀታ ስትሳብ መግቢያው ይከፈታል። ገባኝ ብዬ ዘጋሁት። እንደገና ሳስበው አልገባኝም።

እጀታዋን ሳብኩ፤ ምንም። እጀታዋን ከመግቢያው የሚያገናኘው ካቦ ተበጥሶ ይሆናል ብዬ ሥሯ ገባሁ፤ ካቦው ደህና ነው። መግቢያው ዝጎ ይሆናል አልኩ፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ እንዲያውም ግራሶ ተቀብቷል። ማራገቢያው ይሽከረከራል። ሁሉ ነገር ይሠራል፣ ሂተሩ ግን አይሠራም። እንዴት ነው ነገሩ? «አይገኝም» ያለው የቱን ዕቃ ነው? ሁሉም አለ እኮ! እጄ በግራሶ ተለውሶ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ብዬ አባቴን ታዘብኩት።

በሦስተኛው ቀን ቱቦዎቹን ፈታሁ። በግራውም በቀኙም ግጥም ተደርጎ የተወተፈ የአባቴ አሮጌ ሸሚዝ አገኘሁ። በሽቦ ሳይቀር ታስሯል። ሰው የገዛ ሂተሩን ለምን ይወትፋል? ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ፣ እናቴ «ንፋስ ገባ» እያለች ስትነዘንዘው መላ ቢያጣ ነው አልኩ። እኛ ቤት ያልተወተፈ ቀዳዳ የለማ! ሸሚዙን አወጣሁ፣ ሞተሩን አስነሣሁ፣ እጀታዋን ሳብኩ። እግሬ ሥር ሙቀት መጣ። ብቻዬን ጮህኩ።

ሐሙስ ጠዋት ተነሣን። እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች። «ተባረክ ልጄ፤ አባትህን ስንት ዘመን ያቃተውን!» አለችኝ። ቆይታ «ትንሽ ይሸታል» አለች። «አሮጌ መኪና ነው፣ ይተዋል» አልኳት። መስኮቱ እንደተለመደው ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ፍሪሞንትን ስናልፍ ራሷን አመማት፤ የገና ጾም ነው፣ ምንም አልቀመሰችም፣ እሱ ይሆናል አልን። እኔንም ግንባሬን ይወጋኛል። ሁሌ የምሄድበት መንገድ ነው፤ ግን ሰሌዳ አነባለሁ፣ ያነበብኩት ወዲያው ይጠፋኛል። ኦክላንድን አልፌው ይሆን? ልጠይቃት ዞር ስል ዐይኗን ጨፍናለች። ሞቋት ተኛች ብዬ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስልኳ ጭኗ ላይ ጮኸ። አባቴ ነው። እሷ አልነቃችም፤ እኔ ስፒከር ላይ አደረግሁት።

«አባዬ፣ ሂተሩን ሠራሁልህ።»

«ምን አልክ?»

«የወተፍከውን ሸሚዝ አወጣሁት።»

እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «መስኮት ክፈት! አሁኑኑ ክፈት! የሚገባው ጭስ ነው!»

የኔን መስኮት አወረድኩ፤ ገና ከኦክላንድ በፊት ባለው በዩኒየን ሲቲ መውጫ ወጥቼ ቆምኩና የሷን በር ከፈትኩ። ተሸክሜ ነው ያወረድኳት። ብርዱ ፊቷን ሲመታት ዐይኗን ገለጥ አድርጋ «ኧረ ንፋስ!» ብላ ተቆጣችኝ። እዚያው አስፋልት ዳር አለቀስኩ።

አምቡላንስ ወሰደን። ሆስፒታል ኦክስጅን አድርገውላት፣ ደህና ናችሁ ካሉን በኋላ፣ ወደ አመሻሹ ላይ አባቴ በቪዲዮ ደወለ። የጭስ ማውጫው ከገዛት ጀምሮ ቀዳዳ እንደነበረው ያን ጊዜ ነገረን።

«አንቺ መስኮት አታስከፍቺ፤ ምን ላድርግ? ወተፍኩት።»

«ብትነግረኝስ?» አለች እናቴ።

«ሽጣት ትይኝ ነበራ።»

የኦክስጅኑን ጭምብል ገለጥ አድርጋ አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። «እሺ፣ እሸጣታለሁ» አላት።

«ለማን? የሰው ሚስት ልትገድልባት?» ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

እኔ ማንን እንደምቆጣ ጠፋኝ። የደበቀን እሱ ነው፤ ያዳነንም እሱ ነው፤ እናቴን ልገድል የነበርኩት ደግሞ እኔ። ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ላነሣው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተወው፣ ይደውል። እሱም ትንሽ ይፍራ።»

ጮሆ ጮሆ ቆመ። ደግሞ ጮኸ። ዐይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። በሦስተኛው ገና ሲጀምር አነሣችው።

«አንተ ሰውዬ፣ አትተኛም እንዴ?» አለችው። «እዚያ እኮ ሊነጋ ነው።»